ሣር የታሰረበት ሽመል

ለሰፋሪዎች ቤት እንድንሠራ በዘመቻ ወደ አሶሳ የተላክንበት ክረምት፣ እንደደረስን የምግባችንን ነገር እንድንመርጥ ተጠየቅን። ወይ ሜስ ገብቶ ሰፋሪ ሴቶች ከሚያበስሉት መብላት፣ ወይ የሳምንቱን የምግብ አበል አሥር ብር በእጅ ተቀብሎ ራስን መቻል። ስንዴ ለሁሉም ይታደል ስለነበር በእጁ የተቀበለ ሰው ጾሙን አያድርም። ወጥ፣ ዘይት፣ ሻይና ስኳር ግን የሉትም። በድንኳናችን ስምንት ተማሪዎች ነበርን፤ ሰባቱ ሜስ ገቡ። እኔ በእጄ ተቀበልኩ።

ምክንያቱን ለማንም አልነገርኩም። ዓይኔ ሩቅ አያይም ነበር። ይህን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተማርኩት ብቻዬን ነበር፤ እህል ወፍጮ ቤት እየሠራሁ፣ መጻሕፍት እየተዋስኩ፣ ማትሪክንም በግል ተፈታኝነት ወስጄ። መጽሐፍ ከፊቴ አንድ ስንዝር ላይ ስለሚሆን ዓይኔ ጉድለት እንዳለበት የሚነግረኝ ነገር አልነበረም። ጥቁር ሰሌዳ ሲመጣ ነው የታየው። ከፊት ወንበር ተቀምጬ እንኳ ሰሌዳው ላይ የሚታየኝ የጠመኔ ጭጋግ ነው። መምህሩ ከሚናገረው የሰማሁትን እጽፋለሁ፤ ቀሪውን እገምታለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት በማስጠንቀቂያ አለፍኩ።

ሐኪም ቤት መርምረው የመነጽር ወረቀት ጽፈውልኛል። ፒያሳ የጠየቅኩት መነጽር ቤት ሰባ ብር ነው አለኝ። የዘመቻው ስምንት ሳምንት ሰማንያ ብር ያስገኛል። ስለዚህ በሁለት ወር ውስጥ ለጨው፣ ለክብሪት፣ ለሳሙናና ለቀረው ሁሉ ማውጣት የምችለው አሥር ብር ብቻ ነው። ይህ ከተሳካ መስከረም ላይ ሰሌዳውን አያለሁ። ካልተሳካ እንደገና መገመት ነው፤ በግምት ደግሞ ሌላ ዓመት እንደማልቆይ ማስጠንቀቂያው ላይ በግልጽ ተጽፏል።

አበላሌ ቀላል ነበር። ጠዋት ለሥራ ስወጣ ስንዴውን በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ እነክረዋለሁ። ሲነከር የዋለ ስንዴ ቶሎ ስለሚበስል ማገዶ አይፈጅም። ማገዶዬ ከቤት ሥራው የሚተርፈው የሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ ቁርጥራጭ ነው፤ እሱንም መጀመሪያ መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ሽመል ሳይሰነጠቅ እሳት ውስጥ ከገባ አንጓው ውስጥ ያለው አየር ይሞቅና እንደ ጥይት ይፈነዳል። ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሙሉ ቁራጭ ጨምሬ ሁለት ታጣቂዎች እየሮጡ መጥተዋል። ስንዴው ሲበስል ንፍሮዬን በጨው እበላለሁ፤ እሑድ እሑድ ጥቂት በርበሬ እጨምርበታለሁ።

አጠገቤ የሚተኛው የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ወሬኛ፣ ሲበላ የሚያስጎመጅ። ስም አውጥቶልኝ ነበር።

«ባሕታዊው፣ ዛሬም ንፍሮ?»

«ዛሬም።»

«ምን አጥፍተህ ነው እስቲ ንገረኝ። ንስሐውን አብረን እንጨርሰው።»

ሜሱ ያን ያህል የሚያስቀና አልነበረም። ምስሩ ውሃ ነው፤ እንጀራውም በማሽላና በስንዴ ድብልቅ ስለሚጋገር ቶሎ ይሰባበራል። ሽታው ግን በንፋስ እስከ ድንኳናችን ይደርስ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በሳሁ። የእኔና የጎረቤቴ ሥራ ሽመል ከወንዙ ማዶ ተሸክሞ ማምጣት ነበር፤ አንድ እስር ለሁለት። አቀበቱ ላይ እግሬ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። እሱ ከኋላ ሆኖ ሸክሙን ወደ ራሱ እንደሚስብ አውቅ ነበር፤ አልተነጋገርንበትም።

ሽመሉን የሚያቀርብልን አንድ የበርታ ሽማግሌ ነበር። እርሻው ከወንዙ ማዶ ነው። ሁላችንም አባባ እንለው ነበር። ዘመቻው ለአንድ ሽመል ሃምሳ ሳንቲም ይከፍለዋል። የሚቆረጠውን የሚመርጠው ራሱ ነው። በገጀራው ጀርባ ግንዱን መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ያዘነብላል። ሦስት ዓመት የሞላው ሽመል ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የዘንድሮው ድምፁ የታፈነ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ አንተንና አንቺን አይለይም ነበር፤ እኔ ከእሱ ቋንቋ ሰላምታ ብቻ ነበር የማውቀው።

አንድ ቀን ለምሳ ስናርፍ ሚስቱ የማሽላ ገንፎ በሳህን አመጣችለት። ከጎኑ ነጭ፣ ቀጭን ቀጭን ሆኖ የተከተፈ ነገር በባሚያ ወጥ ውስጥ ነበር። እኔ ከኪሴ የቀዘቀዘ ንፍሮ አውጥቼ መቆርጠም ጀምሬያለሁ። ሲያየኝ ቆየ።

«አንቺ ልጅ፣ ሁልጊዜ ስንዴ። ዶሮ ነሽ?»

ጎረቤቴ መሬት ላይ ወድቆ ሳቀ። ሽማግሌው ግን ሳህኑን ወደ እኔ ገፋልኝ። ነጩ ነገር ለስላሳ ሆኖ ሲያኝኩት ይንኮሻኮሻል፤ ከጎመን እንብርት ጋር ይመሳሰላል። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ከጀርባው ወዳለው ቁጥቋጦ በአውራ ጣቱ አመለከተ። የሽመል ቡቃያ ነበር።

ጎረቤቴ «ይኸው!» አለ። «መንግሥት ከቻይና ጋር ተኳርፎ አንተ የነሱን ምግብ ትበላለህ። ስብሰባ ላይ ሂስ ነው የምናወርድብህ።»

ሽማግሌው አሠራሩን ያሳየኝ በማግሥቱ ነው። ቡቃያው ከጉልበት ሳያልፍ ከሥሩ ይቆረጣል። ልብሱ፣ ጠጉራም የሆነው ቡናማ ቅርፊት፣ አንድ በአንድ ይገፈፋል። ጠጉሩ ቆዳ ላይ ካረፈ ስለሚያሳክክ እጅን በቅጠል መጠቅለል ያስፈልጋል። ውስጡ በስሱ ተከትፎ ይቀቀላል፤ ውሃው ይደፋል፤ እንደገና ይቀቀላል፤ ይደፋል።

«ሦስት ጊዜ ውሃ ይጠጣል» አለኝ። «ሁለቱን ይተፋል። ሦስተኛውን አንቺ ይበላል። የመጀመሪያው ውሃ መራራ ነው፤ ለፍየል እንኳ አትስጪ።»

ከወንዙ ማዶ ካሉት ቁጥቋጦዎች እንድወስድ ፈቀደልኝ። ወንዙን የምንሻገረው በተጋደመ ግንድ ነበር። ከግንዱ ወደ ላይ መንገዱን ተከትሎ የሽመል ቁጥቋጦዎቹ በተርታ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ከአንድ ሥር የበቀለ፣ ጥቅጥቅ ያለ። አብረን እየሄድን አሳየኝ። መሐል ላይ ሲደርስ ቆመና ወደ ላይ ጠቆመ።

«ሣር የታሰረበትን አትንኪ። ሦስት ነው። የደረሰው ሁሉ ለእናንተ ቤት ሄደ። ይሄ ለልጄ ነው።»

ልጁ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። ሲመለስ ጎጆ ይወጣል፤ ቤት ለመሥራት ሽመል ያስፈልገዋል፤ በዚያ ክረምት የበቀለው ቡቃያ ደግሞ ለቤት የሚሆነው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሣሩን ያሰረው ከብት እንዳይበላው ከሰው ራስ ከፍ አድርጎ፣ በቆሙት ሽመሎች ላይ ነበር።

«አየሽ?»

«አየሁ» አልኩ።

አላየሁም። የታየኝ አረንጓዴ ብቻ ነው፤ ሣሩም ሽመሉም ቅጠሉም አንድ አረንጓዴ። ግን ስልቴ ነበረኝ። ቀና ብዬ «ከግንዱ ስንቆጥር ስንተኛው ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «ዓይንሽ እያለ ለምን ትቆጥሪያለሽ?»

እሱ ከቆመበት እስከ ግንዱ ያለውን ራሴ ቆጠርኩ። ከግንዱ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው የሚቆረጥ፤ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው የማይነካ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የምኖረው። የዶርሚተሪዬን በር በደረጃ ቁጥር፣ ሰውን በአረማመዱና በድምፁ እለያለሁ። የማላየውን እቆጥራለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደህና ነበሩ። በየሁለት ቀኑ አምስት ስድስት ቡቃያ ቆርጬ እመጣለሁ። ከሽማግሌው ሚስት በአንድ ብር አንድ ኩባያ የደረቀ ባሚያ ገዛሁ፤ ለሁለት ሳምንት በቃኝ። እግሬ መንቀጥቀጡን ተወ። ጎረቤቴ መጀመሪያ እየቀለደ ቀመሰ፤ በኋላ ከሜስ ራቱን በልቶ ሲመጣ ማንኪያውን ይዞ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረ።

«ባሕታዊው፣ ይቺን ነገር አዲስ አበባ ብንሸጣት ሀብታም ነን።»

«አዲስ አበባ ሽመል የለም።»

«አንተ እኮ ቀልድ የማይገባህ ሰው ነህ።»

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጣሳዬ ውስጥ ሃምሳ ሦስት ብር ነበር። ያወጣሁት ሰባት ብር ነው። የቀረኝ ሁለት ሳምንትና ሦስት ብር። ሂሳቡ ልክ እየመጣ ነበር፤ የሚያስቸግረው ቡቃያው ነው። ነሐሴ ሲጋመስ ቡቃያ ማደጉን ያፋጥናል፤ ዛሬ ከጉልበት በታች ያለው በሳምንቱ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ ይጠነክራል። ስለዚህ ለሁለቱ ሳምንት የሚበቃኝን አንድ ጊዜ ቆርጬ፣ ቀቅዬ፣ የሽማግሌው ሚስት እንደምታደርገው ከእሳት በላይ አድርቄ ማስቀመጥ አለብኝ ብዬ ወሰንኩ።

በዚያው ሰሞን ከባድ ጎርፍ መጥቶ ግንዱን ወስዶት ነበር። ሰፋሪዎቹ ሌላ ግንድ ጣሉ። ግንዱ ሌላ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ቦታው ግን ያው መስሎኝ ነበር። በማለዳ ጆንያ በራሴ ላይ ደፍቼ፣ ገጀራና ቅርጫት ይዤ ተሻገርኩ። ጉም ነበር። ከግንዱ ጀምሬ ቆጠርኩ፤ አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ጋ ከዚያ በፊት ብዙ ስላልነካኋቸው ቡቃያው ሙሉ ይሆናል ብዬ ወደዚያ ሄድኩ። ሙሉ ነበር። አጎንብሼ በዳሰሳ ቆረጥኩ። ለሥራ የሚጠራው ብረት ሳይደወል አርባ አራት ቡቃያ በሁለት ዙር አጋዝኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ከጎረቤቴ ጋር ሽመል ለመሸከም ስንሄድ፣ ከግንዱ ገና እንደተሻገርን ቆመ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? ሽመሉን አዲስ ዓመት ሊያከብርበት ነው እንዴ? ሣር አስሮለታል።»

«የቱ ላይ?»

«እዚያ ላይ ነዋ። ሦስቱም ላይ።»

«ስንተኛው?»

«ምን ስንተኛው አለው? ያውልህ! ከፊትህ!» ጥቂት እርምጃ ወደፊት ሄዶ ዞረ። «ስንት ጣት ነው?»

«አራት» አልኩ።

«እጄን አላነሳሁም እኮ» አለ።

ቁጥቋጦዎቹ ጋ ሄድኩ። ቀና ብዬ፣ ሽመሉን ይዤ ወደ ራሴ ጎንበስ ሳደርገው አየሁት። ሦስት አራት ዘለላ ረጅም ሣር፣ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ የተቋጠረ። ቋጠሮው ጥብቅና ንጹሕ ነበር። ሥሩ ላይ የጠዋቱ ቁርጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። አዲሱ ግንድ የተጣለው ከበፊቱ ቦታ ሦስት ቁጥቋጦ ያህል ወደ ላይ ከፍ ብሎ ነበር።

ለጎረቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። ዓይኔን፣ ጣሳውን፣ የሽማግሌውን ልጅ። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን በቆምኩበት ጨረስኩት። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

«ማን አየህ?» አለ በመጨረሻ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ፍየል ነው። የሰፋሪ ፍየል። ስንቱን ነገር ፍየል ይበላ የለ!»

«ፍየል በገጀራ አይቆርጥም።»

«ታዲያ ልትነግረው ነው? ጣሳውን ይወስድብሃል እኮ።»

ፍየል ብል ሽማግሌው ከሰፋሪዎቹ ጋር ይጣላል። እነሱ ከእኛ በኋላ እዚያው የሚኖሩ ናቸው፤ እኔ በሁለት ሳምንት እሄዳለሁ። ይህን ያኔ በዚህ መልክ አሰብኩት አልልም። ያሰብኩት ቋጠሮውን ነበር።

ጣሳውን ይዤ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ሽማግሌው ደጁ ላይ ተቀምጦ የሽመል ስንጣቂ እየላገ ነበር። ነገርኩት። ተነሥቶ ከፊቴ ቀደመ። ቁጥቋጦዎቹ ጋ ሲደርስ ተንበርክኮ ቁርጡን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ሄደ።

«አርባ አራት ነው» አልኩት። «ቆጥሬዋለሁ።»

«ቆጥረሻል!» አለ ቀና ሳይል። «መቁጠርማ ታውቂያለሽ።»

ሦስቱንም ዞሮ ጨረሰ። ከዚያ ጉልበቱን አራግፎ ቆመ።

«ሣሩን አላየሽም?»

«አላየሁም። ከዚህ ወዲያ አይታየኝም።» ክንዴን ዘረጋሁለት።

«ያን ቀን አየሁ አልሽ።»

«ዋሸሁ።»

ረዘም ያለ ጊዜ አየኝ፤ ፊቱ ግን ከእኔ ራቅ ብሎ ስለነበር ምን እንደሚል አላውቅም።

«ዘመቻው ለአንድ ሽመል ስንት ይሰጠኛል?» አለ።

«ሃምሳ ሳንቲም።»

«ይሄም ሽመል ነበር።»

ሃያ ሁለት ብር አውጥቼ ሰጠሁት። ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ገንዘብ «ተወው ልጄ» ብለው ሲመልሱ ሰምቼ ስለነበር፣ እጄን ወዲያው አልሰበሰብኩም። አልመለሰም። ተቀብሎ በነጠላው ጫፍ ቋጠረው፤ ልክ ሣሩን እንደቋጠረው ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ።

«ኻላስ» አለ። ያለቀ ነገር ሲሆን የሚላት ቃል ነበረች። «የቆረጥሽው አሁን ያንቺ ነው። ሳይበላሽ ቀቅዪ።»

ልሄድ ስል የምግብ ሰዓት ነው ብሎ አስቀመጠኝ። ሚስቱ ገንፎ አቀረበች። ግማሽ ያህል እንደበላን ገንዘቡን ለምን እንደማጠራቅም ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ለዓይን?»

«ለዓይን።»

እጁን ከሳህኑ ላይ አነሣ። አሁን ይመልስልኛል ብዬ አሰብኩ። የነጠላውን ጫፍ ግን አልነካም።

«ወላሂ» አለ፣ «ያን ቀን አላይም ብትዪኝ ሣሩን በእጅሽ አስይዝሽ ነበር።»

ከዚያ መብላቱን ቀጠለ። እኔም ቀጠልኩ።

የቀሩትን ሁለት ሳምንታት ያን አርባ አራት ቡቃያ በላሁ። የተከፈለበት ስለሆነ አንዲት ቅንጣት አልጣልኩም። ጎረቤቴ ማንኪያውን ይዞ መምጣቱን ተወ። እንደሚርበው አውቃለሁ። በእጁ ለተቀበለ የማይደርሰውን የሜስ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ሁለት ጊዜ ትራሴ ላይ አስቀምጧል፤ ስጠይቀው «ፍየል ይሆናል» ይላል። አዲስ አበባ ስንገባ ጣሳው ውስጥ ሃምሳ ብር ነበር። ሃያ ጎደለኝ።

ቅዳሜ እሱ መርካቶ ይዞኝ ሄደ፤ አሮጌ ልብስና ጫማ በሚሸጥበት ተራ አንድ ሰው መሬት ላይ ሸራ አንጥፎ ያገለገሉ መነጽሮች ይሸጥ ነበር። አንድ በአንድ እያደረግኩ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ለማንበብ ሞከርኩ። ጎረቤቴ ከጎኔ ቆሞ ይፈትነኛል።

«አሁንስ?»

«አይታየኝም።»

«ይሄንን። አሁንስ?»

«አይታየኝም።»

«እንዳትገምት!»

«አልገምትም። አይታየኝም።»

ሻጩ ሰለቸው። በአሥራ አንደኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው ላይ የግራ ዓይኔ ጽሑፉን አገኘው፤ ፊደሎቹ ጠርዝ አላቸው። የቀኙ ምንም አልተሻለውም። ጎረቤቴ ዋጋውን ወደ ሠላሳ ሁለት ብር አስቀንሶልኝ ገዛሁት።

የሽማግሌው ልጅ ከውትድርና ተመልሶ እንደሆነ አላውቅም። ሽማግሌው በገንዘቡ ምን እንዳደረገም አልሰማሁም። ወደዚያ የሄደ ሰው ሳገኝ እጠይቃለሁ፤ እስካሁን ያንን ቤት የሚያውቅ አልገጠመኝም።

መስከረም ላይ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ቀኝ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ ሰሌዳውን አየሁ። የመጀመሪያው መስመር ቀኑ ነበር፤ እሱን ቀድሞም አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን ጻፍኩ። ሦስተኛው በደቃቁ የተጻፈ ስለነበር የግራ ዓይኔም አላየውም። ባለፈው ዓመት ቢሆን እገምተው ነበር። እጄን አነሣሁ።

«መምህር፣ ሦስተኛው መስመር አይታየኝም።»

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። መምህሩ ዞር ብሎ ሰሌዳውን አየና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። ጻፍኩት።